ሸቤ ወደብ የላትም

መስከረም 14

ዛሬም ያው። የመታወቂያ ኮፒ፣ የቤት ውል ኮፒ፣ የአንድ ሰውዬ የፍቺ ወረቀት ኮፒ... ስድስት ቅጂ ምን ያደርግለታል? አልጠየቅኩም። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ወረቀት ያዘ። ከሰዓት መብራት ሄደ፣ እኔም ቁጭ አልኩ።

አባ ከበሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ። ከአስር ሶላት በኋላ እንደ ልማዳቸው፣ «ማሂራ፣ ሠላሳ አምስትን አምጪ» አሉ። የሥዕል መጽሐፎቹን በቁጥር ነው የሚጠሩት። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የማነብላቸው እኔ ነኝ። በየቀኑ አንድ። ስልሳ ላይ ሲደርስ ከአንድ ይጀመራል። ስንተኛ ዙር ላይ ነን? መቁጠር ትቻለሁ። እኔ በቃሌ ይዣቸዋለሁ፣ እሳቸውም በቃላቸው። ታዲያ ለማን ነው የማነበው?

ፍሬሰላም ደወለች። አብራኝ የተማረችው። አዲስ አበባ የህትመት ቤት ልትከፍት ነው፤ ቲሸርት፣ ባነር፣ የሠርግ ካርድ። «ማሽኑ በኔ፣ የመጀመሪያው የቤት ኪራይ ባንቺ። ዲዛይን ላይ ካንቺ የሚበልጥ አላውቅም» አለች። እስከ ጥር አንድ ነው። ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለች፣ እየሳቀች... ግን እውነቷን ነው።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከጅማ ውጭ ያደርኩባቸውን ቀናት በጣቶቼ እቆጥራቸዋለሁ፣ ጣትም ይተርፈኛል።

መስከረም 17

ምሳ ላይ አባን በዘዴ ሞከርኳቸው። «አባ፣ መጽሐፎቹን ብል እየበላቸው ነው፤ ለሚጠብቃቸው ሰው ብንሸጣቸውስ?»

«ስሞት ትሸጫቸዋለሽ» አሉና ሽሯቸውን ጨረሱ። ስለ ምሳው የሚያወሩ ነበር የሚመስለው።

መስከረም 19

ልሸጣቸው ነው። ሳልነግራቸው። ይኸው ጻፍኩት።

ምን እንደምሸጥ ልጻፈው፣ በኋላ ለራሴ እንዳልዋሽ። ይህ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ከመሆኑ በፊት የመጽሐፍ ኪራይ ቤት ነበር። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ለማንበብ አሥር ሳንቲም፣ ቤት ወስዶ ለማሳደር ሃያ አምስት። የጅማ መርካቶ ልጅ ሁሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ሱሪውን ጨርሷል። በጠቅላላ ሁለት መቶ አሥራ አራት መጽሐፍ። ዐረብኛዎቹ ከጂዳ የመጡ፣ እንግሊዝኛዎቹ ከፈረንጅ አስተማሪዎች የተረፉ። ስልሳዎቹ ደግሞ የጣልያን፣ አንድ ተከታታይ ታሪክ፤ የቡና መፈልፈያ ከነበረው ጣልያን ላይ አባ በካርቶን ገዟቸው።

አባ ጣልያንኛ አንድ ቃል አያውቁም። ደንበኛውም አያውቅም። ምን አደረጉ? ሥዕሉን እያዩ ታሪኩን ከራሳቸው ፈጠሩት። በነጭ ወረቀት በአማርኛ ጻፉ፣ በመቀስ ቆረጡ፣ ሰዎቹ በሚናገሩባቸው ነጭ ክቦች ላይ በዱቄት ሙጫ ለጠፉ። ስልሳውንም! መርከበኛዋ ሴትዮ ዘሀራ ተባለች። ክፉው ሰውዬ የቡና ደላላ ሆነ። መርከቦቹ የሚቆሙበት ወደብ ሸቤ ሆነ፣ እዚሁ ጅማ አጠገብ ያለችው፣ ባሕር የሌላት የቡና ከተማ። ትከሻቸው የተገለጠ ሴቶች በሙሉ በእስክሪብቶ ሻርፕ ተከናነቡ።

አራተኛ ክፍል እያለን አስተማሪያችን ወደብ ያለው ከተማ ጥሩ ብሎ ሲጠይቅ እጄን አውጥቼ «ሸቤ» አልኩ። በሙሉ እርግጠኝነት። እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ስሜ ሸቤ ነበር። ቤት መጥቼ ሳለቅስ አባ ምን አሉኝ? «እነሱ አላነበቡም።»

ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። «ሁለት መቶ አሥራ አራት ኮሚክ። ባንድ ላይ ብቻ።»

መስከረም 20

«የመጨረሻ ስንት ነው?» (የመጀመሪያውን መቼ ተናገርኩና።)

«ፒዲኤፍ አለሽ?»

«ከነመደርደሪያው ነው?»

«እህት፣ አግብተሻል?»

መስከረም 26

ባንድ ላይ የሚወስድ የለም። ፍሬሰላም፣ አሥር አሥር እያደረግሽ ሽጪ ትለኛለች። እሷ ምን አለባት። አሥር አሥር ከሆነ መጀመሪያ የሚሄደው ደህና ደህናው ነው። ሽፋኑ የተገነጠለው፣ ሻይ የፈሰሰበት፣ ግማሹ የሌለው... ማን ይወስደዋል? የተረፈው እዚሁ ይቀራል። ከኔ ጋር።

መስከረም 28

ወንድሜ ሀምዳን ከሸቤ መጣ። ቡና ሊደርስ ነው፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ብቻ ነው ወሬው። ጓሮ ወስጄ ነገርኩት። አባን አንተ ጋ ውሰዳቸው፣ ሚስትህ ረሺዳ አለች፣ ቤቱ ሰፊ ነው አልኩት።

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ ወላሂ። እሳቸውን አስፈቅጂ» አለ።

ገብተን ጠየቅናቸው። «መርካቶን ትቼ? እዚያ ማንን አውቃለሁ?» አሉ። ከዚያም ወደኔ ዞረው፣ ካለሁበት አቅጣጫ ትንሽ ስተው፣ «አንቺ ምን ሆንሽ? ደከመሽ?»

ደክሞኛል ብዬ ብጮህ ምን ነበረበት? «ኧረ ደህና ነኝ» አልኩ።

ሀምዳን ሲሄድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንቺ አለሽ አይደል» አለኝ። ሁልጊዜ የሚለው ነው። ጥሩ ነገር የተናገረ ይመስለዋል።

ጥቅምት 4

ከፋፈልኳቸው። እንግሊዝኛዎቹን እሱባለው የሚባል ባለካፌ ወሰደ፣ በፍሬም ግድግዳ ላይ ሊሰቅላቸው። ዐረብኛዎቹን ከጂዳ የተመለሰች ሴትዮ ወሰደች፤ አንዱን ገልጣ እዚያው ቆማ ስታነብ ባጃጁ ጥሏት ሄደ። አባ እነዚህን ጠይቀው አያውቁም። ስልሳዎቹ ቀሩ። እንደፈራሁት... የቀሩት ዋናዎቹ ናቸው።

ጥቅምት 9

ለይኩን የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ጻፈልኝ። ደወለም፤ ድምፁ የትልቅ ሰው ነው። የተማረው ጣልያን ትምህርት ቤት ነው፤ ይህንን ተከታታይ በልጅነቱ አንብቦት መጨረሻውን ሳያገኝ ቀርቷል። ስልሳውን ባንድ ላይ ይፈልጋል። አንድ ቁጥር ከጎደለ ግን አይወስድም።

ቀጥሎ፣ «ያ የተለጠፈው ወረቀት ይነሳል?»

«ካልተነሳስ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ካልተነሳ ለኔ የተበላሸ ነው።»

ተናደድኩ። የተበላሸ ያለው የአባን እጅ ጽሑፍ ነው። እንዲህ ተናድጄ ምን ብዬ መለስኩለት? «ይነሳል።»

ጥቅምት 13

አባ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይተኛሉ። በዚያች ሰዓት ማንቆርቆሪያ ጣድኩ። ገጹን እንፋሎቱ ላይ ይዤ፣ ጠርዙን በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብዬ... ወረቀቱ ተጠቅልሎ ይነሳል። ሙጫው አርባ ዓመት አልፎትም ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ከሥሩ የጣልያኑ ፊደል ወጣ፣ ጥቁርና ጥርት ያለ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ። ደነገጥኩ። ለካ እነዚህ ሰዎች ሲያወሩ ኖረዋል።

አምስት መጽሐፍ ጨረስኩ። የአባን ቁርጥራጮች አልጣልኩም። ጠፍጥፌ፣ በየቁጥራቸው ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ለምን? እንጃ። ሻርፖቹ ግን እምቢ አሉ፤ እስክሪብቶ እንፋሎት አይፈራም። ለይኩን ፎቶውን አይቶ «ችግር የለም፣ ጨዋ ሆናለች» አለ። ሳቅኩ። በሳቅኩበት ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

ጥቅምት 14

«አምስትን አምጪ» አሉ አባ።

ከስልሳ ቁጥር ውስጥ አምስትን! በተራው እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ይዤ ቀረብኩ። ገጹ ላይ ያለው ጣልያንኛ ብቻ ነው። በቃሌ ጀመርኩ። ዘሀራ ሸቤ ወደብ ላይ ቆማ ደላላውን ስትሰድበው... እየሄደልኝ ነበር። ከዚያ አባ እጃቸውን ሰደው ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ። እንደሱ ይወዳሉ፤ የተለጠፈውን ወረቀት ጠርዝ በጣታቸው ይከተሉታል። ጣታቸው ልስልሱ ላይ ሄደ፣ ቆመ።

መጽሐፉን ሳብኩት። «ዝናብ ገብቶበት ረጥቧል አባ፣ እንዳይቀደድ» አልኳቸው።

«እ» አሉ።

ጥቅምት 15

መላ አገኘሁ። ሉክ ደብተር ገዛሁ። ሲተኙ ስድስትንም ላጥኩት። የአባን ቁርጥራጮች በየገጹ፣ በየቦታቸው፣ በዱቄት ሙጫ ደብተሩ ላይ ለጠፍኳቸው። ሥዕል የለም፣ መስመር ብቻ። ግን ጣት የሚፈልገው ጠርዙን ነው... አይደለም እንዴ?

ከሰዓት «ስድስትን» አሉ። ደብተሩን አምጥቼ አነበብኩ። ጣታቸውን አኖሩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ጥቅምት 22

ሲተኙ እልጣለሁ፣ ጠዋት ደንበኛ ሲሳሳ እለጥፋለሁ። አንዲት ሴትዮ የልደት ሰርተፍኬቷን ይዛ መጥታ እጄ ላይ ያለውን ሙጫ አይታ፣ «ልጅ አለሽ? ሆምወርክ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ኅዳር 1

ስልሳውም አለቀ። ሁለት ካርቶን አደረግኩት፣ በገመድ አሠርኩት፣ መናኸሪያ ወስጄ በአውቶቡስ ጫንኩት። ገንዘቡ ያኔውኑ ገባ፣ ለፍሬሰላም አስተላለፍኩት። ቤቱን ተከራየችው። በርና መስኮቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በሩ ሰማያዊ ነው።

ይቀለኛል ብዬ ነበር። ባዶው መደርደሪያ ግን ፊቴ አለ። አባ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲሄዱ በእጃቸው ዳሰስ እያደረጉት ነው የሚያልፉት። የድሮ የኮፒ ወረቀት በክር አሥሬ ሞላሁት።

ኅዳር 12

አሁን ነው የገባኝ፣ ምን ዓይነት ሞኝ እንደሆንኩ።

ድሮ ማንም ሊያነብላቸው ይችል ነበር። ረሺዳም፣ ሀምዳንም፣ መንገድ ላይ ያለ ሰውም። አሁን ከኔ በቀር አንድ ሰው የለም። አንዳንዱ ቁራጭ ሲላጥ ተቀዷል፣ አንዳንዱ ጠፍቷል፣ አሥራ ስምንት ቁጥርን ገልብጬ ለጥፌዋለሁ። የቱ ጋ ምን እንደጎደለ የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ሄጄ ረሺዳ ብትገልጠው የመጀመሪያው ቃሏ ምንድን ነው? «ምን ደብተር ነው ይሄ?»

ለመውጣት ብዬ ሸጥኩ። ሸጬ ራሴን ቆለፍኩ። ቤቱ አዲስ አበባ ተከራይቷል፣ በሩ ሰማያዊ ነው፣ እኔ ደግሞ ጅማ ሙጫ እየበጠበጥኩ ነው።

ኅዳር 25

አርባ ስድስት ቁጥር፣ በደብተር። ዘሀራ እንደገና ሸቤ ደረሰች። እኔ እዚሁ።

ታኅሣሥ 6

ለይኩን ደወለ። ለማመስገን ነው። ስልሳ ቁጥርን አንብቦ መጨረሱን ሲነግረኝ ድምፁ ሌላ ሆነ፤ አርባ ዓመት የጠበቀው መጨረሻ ነው። «አባትሽ መጨረሻ ገጽ ላይ ምን ብለው ነበር የለጠፉት?» አለኝ።

ደብተሩን ማየት አያስፈልገኝም። መርከቡ አለ፣ ባሕሩ አለ፣ ዘሀራ መርከቡ ላይ ቆማለች። «ዘሀራ፣ የት እሄዳለሁ? ሸቤ ይበቃኛል፣ ነው የምትለው» አልኩት።

«አይ... እሷ ሄዳለች እኮ። የምትለው፣ አትጠብቁኝ፣ ስደርስ እጽፋለሁ፣ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ሁለት ኮፒ ቢለኝ አራት አድርጌ ሰጠሁት። ልጅ ሆኜ ያንን ገጽ ስንቴ አየሁት? መርከቡ ከወደቡ ርቋል። ዓይኔ አይቶታል። ያመንኩት ግን ወረቀቱን ነው።

ታኅሣሥ 18

ፍሬሰላም፣ «ትመጫለሽ ወይስ አትመጭም? ቁርጡን ንገሪኝ» አለች። ተናዳለች። መብቷ ነው።

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ደንበኛ አስወጣሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባ፣ መጽሐፎቹን ሸጥኳቸው። ሁሉንም። ያነበብኩልዎት ከደብተር ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ደብተር ነው። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ስነግድ ኖሬ ደብተር ይጠፋኛል? መደርደሪያው ላይም ያስቀመጥሽው የኮፒ ወረቀት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምስት ቁጥር።»

ሁለት ወር! «ታዲያ ለምን ዝም አሉ አባ?»

አንገታቸውን ደፉ። እንደሱ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። «ስልክ ላይ ከጓደኛሽ ስታወሪ እሰማለሁ። አውቄያለሁ ብልሽ ትሄጃለሽ። እንደማላውቅ ከሆንኩ ታነቢልኛለሽ» አሉ።

ተነሥቼ ወጣሁ። እስከ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ድረስ በእግሬ። እጄ ላይ ሙጫ ደርቆ ነበር፣ እየላጥኩት ሄድኩ። ሁለት ወር ስልጥ፣ ስለጥፍ፣ ስዋሽ፣ አላህን ስለምን... እሳቸው እያወቁ! እኔ የደበቅኩት እንዳልሄድ ሳይሆን እንድሄድ ነበር። እሳቸው ደግሞ በዚያው በኔ ውሸት አሠሩኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጠላኋቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከልቤ።

ታኅሣሥ 21

ሦስተኛ ቀን። ቁጥር አልጠሩም፣ እኔም አላቀረብኩም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ከአስር በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይውላሉ። መጽሐፍ እንዳለበት አድርገው።

አሳዘኑኝ። ንዴቱም አለ። ሁለቱም አለ፣ ምን ላድርገው።

ታኅሣሥ 23

ጠዋት ሻይ ላይ፣ «ሀምዳንን ጥሪው፣ እሑድ ይምጣ» አሉ።

«ለምን?»

«ሸቤ ልሄድ ነው።»

ኩባያውን አስቀመጥኩ። ፌዝ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

«ማንን አውቃለሁ ብለው አልነበር?»

«ማንንም አላውቅም» አሉ። ሻያቸውን ፉት አሉ። «ወደብ አላት ሲባል ግን ሰምቻለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ። እሳቸው ግን ሰምተዋል መሰለኝ፣ ስኳር ጨምሪልኝ አሉ።

ታኅሣሥ 27

ሱቁ ተዘጋ። ማሽኑን ጎረቤት ወሰደው። አግዳሚው ከአባ ጋር ሸቤ ይሄዳል፣ ያለሱ መኪና ውስጥ አልገባም ብለዋል። ሻንጣዬ በሩ ሥር ነው። ለፍሬሰላም «ማክሰኞ እደርሳለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። አምናኛለች መሰለኝ።

ከአስር በኋላ፣ «ስልሳን አምጪ» አሉ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያው። ደብተሩን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ጣታቸውን ገጹ ላይ አኖርኩላቸው። አነበብኩ። ደላላው ተዋረደ። ዕዳ የነበረባቸው ገበሬዎች ቡናቸውን መልሰው አገኙ። መጨረሻው ገጽ ደረሰ። ዘሀራ መርከቡ ላይ።

ወረቀቱ ላይ የአባ ጽሑፍ አለ። የት እሄዳለሁ፣ ሸቤ ይበቃኛል። አየሁት። አላነበብኩትም።

«አትጠብቁኝ። ስደርስ እጽፋለሁ» አልኩ።

ጣታቸው ቆመ። «ይህንን እኔ አልጻፍኩም።»

«አዎ አባ። ጣልያኑ ነው የጻፈው። የገዛው ሰውዬ ነገረኝ።»

ውጭ ባጃጆች ይጮሃሉ። «መርከቡ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የተሳለው» አሉ በመጨረሻ። «ያኔም ገብቶኛል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። መሄዷ ገብቶኛል። እንዳትሄድ ፈልጌ ነው።»

ከዚያ በጥፍራቸው የወረቀቱን ጠርዝ ፈለጉ። አገኙት። ቀስ ብለው፣ ሳይቀዱ፣ ከደብተሩ ላጡትና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ሙጫሽ አይረባም» አሉ። «ዱቄቱ አልበሰለም።»

ቁራጩ ኪሴ ውስጥ አለ። የሀምዳን መኪና ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይመጣል።